የሻንቶ ወፎችና የሮማይስጥ ስማቸው



ባለፈው ጥቅምት ወር መግቢያ ላይ፥ የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው የጊፋታ በዓል ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ፥ ከሶዶ ከተማ በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ ሻንቶ ተጉዘን ነበር። ሻንቶ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የጉዟችን ምክንያት፥ በዚያ በመምህርነት የሚያገለግል አንድ የቆየ ወዳጃችን ወንድ ልጁ አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና ሲነሣ እንድንገኝለት ስለ ጠራን ነው። ካህኑ የሕፃኑን ስመ ክርስትና ሲጠይቁ የክርስትና አባቱ በጆሮአቸው ነገራቸው፤ ሥርዓቱም በአንድ ማለዳ ተፈጸመ። እኛ ግን አራት ቀን ቆየን። የቀሩትን ቀኖች ያሳለፍነው ወፍ ስናይና የወፍ ስም ስንጠይቅ ነው፤ ይህም ከልጅነታችን ጀምሮ ያልተወን ልማድ ስለ ሆነ ወዳጃችን አልተደነቀብንም።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ስትሰፋ፥ ሻንቶ ግን ገና የገበሬ ከተማ ናት። አፈሩ ቀይ ነው። ቤቱ ሁሉ በእንሰት ተከቧል፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ጎደሬውና ስኳር ድንቹ፥ ከዚያም ወዲያ በቆሎው ይታያል። ሰው የሌለበት መሬት ማግኘት አይቻልም፤ ቢሆንም በየአጥሩና በየዋርካው ላይ ያለው የወፍ ብዛት የሚያስገርም ነው። በደቡብ በኩል የዳሞታ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ይታያል። የአባታችንን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ያነበበ ሰው የዳሞትን ንጉሥ የሞተሎሚን ታሪክ ሳያስብ ይህን ተራራ ሊያይ አይችልም።

ከዚህ ቀጥለን የምንናገረው የራሳችን ጥፋት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ፥ ማስተማር በጀመርንበት ጊዜ፥ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቻችን ፈተና ስንሰጥ «የአምስት ወፎችን ስም ጻፉ» የሚል ጥያቄ አቅርበን ነበር። ከወላይታ የመጣ፥ ጠዋት ጫማ እየጠረገ ከሰዓት በኋላ የሚማር አንድ ልጅ ሦስቱን በአማርኛ ጽፎ ሁለቱን ግን በእናቱ ቋንቋ ጻፈ። እኛም በቀይ ቀለም ሰርዘን «ይህ ስም አይደለም» ብለን ጻፍንበት። ልጁ አልተከራከረንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በክፍላችን ውስጥ እጁን ሲያነሣ አላየነውም። ወደ ወላይታ ስንሄድ ይህ የመጀመሪያ ጊዜያችን ስለ ነበረ፥ መንገዱን ሁሉ ይህን ልጅ ስናስብ ነበር የሄድነው።

በሁለተኛው ቀን ወዳጃችን ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ወሰደን። በቦርሳችን ውስጥ በውጭ አገር የታተመ የወፎች መጽሐፍ ነበረ፤ ልጆቹም ሥዕሉን ለማየት ከበቡን። ከሁሉ አስቀድሞ ያየናት በግቢው ውስጥ ፍሬ ስትለቅም የነበረች አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት። በመጽሐፉ ውስጥ «ክሪታግራ ትሪስትሪያታ» ትባላለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ይህን የሮማይስጥ ስም ከእኛ ይልቅ አቀላጥፎ ሲያነበው ደነገጥን፤ ወዳጃችን ግን ሳቀብን። ወላይትኛ በዛሬው ዘመን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና፥ ለሻንቶ ሕፃን ይህ ፊደል የቤቱ ፊደል ነው። እኛ ድቁና የተማርን ሰዎች በሃያ አምስት ዓመታችን እንኳ ስንደናቀፍበት የነበረውን ልጁ እንደ ውኃ ጠጣው።

«ትርጓሜውስ ምንድር ነው?» አለን። «ክሪቴ» በጽርእ ገብስ ማለት ነው፤ «አግራ» ደግሞ አደን ነው፤ «ትሪስትሪያታ» በሮማይስጥ ባለ ሦስት መሥመር ማለት ነው። ስለዚህ «ባለ ሦስት መሥመር ገብስ አዳኝ» ብንላት እንችላለን። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በጣም ሳቁ፤ እህል የምትሰርቅ ወፍ አዳኝ መባልዋ አስቂኝ ሆኖባቸዋልና።

እዚህ ላይ ስለ አሰያየሙ ጥቂት መናገር ይገባናል። ካርል ሊኔውስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1758 ዓ.ም. ባሳተመው «ሲስተማ ናቱሬ» በተባለው መጽሐፉ ዐሥረኛ እትም ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ስም ሰጠ፤ ፊተኛው የወገኑ ስም ነው፥ ሁለተኛው የራሱ መለያ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ ሊኔውስ ግን ወገንን አስቀድሞ ግለሰቡን አስከተለ። ከሁለቱ ስም ቀጥሎ የሰያሚው ስምና የሰየመበት ዓመት ይጻፋል። ዛሬ የእንስሳት ስም ሕግ የሚጀምረው ከዚያ እትም ነው። ሕጉም ብዙ ቢሆን ዋናው አንድ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ የተሰጠ ስም ይጸናል። ስሙ ስሕተት ቢሆን እንኳ አይለወጥም። ለምሳሌ ያህል ከኒው ጊኒ ወደ አውሮፓ የተላኩት የአንድ ወፍ ቆዳዎች እግራቸው ተቆርጦ ስለ ነበር ሊኔውስ ወፉን «እግር የለሽ» ብሎ ሰየመው፤ ወፉ ሁለት ጤናማ እግሮች ቢኖሩትም እስከ ዛሬ እግር የለሽ እንደ ተባለ ቀርቶአል።

ለአዳም አራዊትና አዕዋፍ ሁሉ እየቀረቡለት ስም እንዳወጣላቸው በኦሪት ዘፍጥረት እናነባለን። ይህን የሚያነብ ሰው ስም ማውጣት የጌትነት ሥራ መሆኑን ይረዳል። የኋለኞቹ ሰያሚዎች ግን ሕያው ወፍ ቀርቦላቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት በጠረጴዛ ላይ የተጋደመ የደረቀ ቆዳ አይተው ነው ስም ያወጡት።

በሻንቶ ሰማይ ላይ ከሚዞሩት አሞሮች አንዱ ራሱን ቆብ ያጠለቀ የሚመስለው ጥንብ አንሣ ነው። ስሙ «ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ» ነው። «ኔክሮስ» በድን፥ «ሲርቴስ» ጐታች ማለት ሲሆን «ሞናኩስ» ግን፥ አንባብያን ሆይ አትቆጡ፥ መነኩሴ ማለት ነው! በቄራ አጥር ላይ ተደርድረው ያየናቸው እነዚህ «በድን ጐታች መነኮሳት» አካሄዳቸው ዝግ ያለ፥ ዐይናቸው ወደ ምድር ያዘነበለ ስለ ሆነ ሰያሚው ከመነኩሴ ጋር ማመሳሰሉ በክፋት አይመስለንም። በገደል አፋፍ የሚኖረው ጭልፊት መሰል አዳኝ ደግሞ «ቡቴኦ አውጉር» ይባላል። «አውጉር» በጥንቷ ሮም የወፍ አበራረር እያየ መጪውን ነገር የሚናገር ጠንቋይ ነበር። በአገራችንም ጉዞ ሲጀመር ወፍ በየትኛው በኩል ጮኸ እያሉ «ገድ ነው»፥ «ገደ ቢስ ነው» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ሮማውያንን ብቻ ለመውቀስ አንደፍርም።

ጋጋኖ በማለዳ እየጮኸ በመንደሩ ላይ ሲያልፍ መላው ሻንቶ ይነቃል። የሮማይስጥ ስሙ «ቦስትሪኪያ ካሩንኩላታ» ነው፤ «ቦስትሪኮስ» የጠጉር ጉንጉን ነው፥ «ካሩንኩላ» ትንሽ ሥጋ ነው፤ ይህም በማጅራቱ ላይ ስላለው ጉትያና ከጉሮሮው ስለምትንጠለጠለው ቀጭን ሥጋ የተባለ ነው። የአማርኛው ስም ግን ከድምፁ የተወሰደ ይመስላል፤ ወፉን ሳያዩ ቢሰሙት እንኳ የሚታወቅበት ስም ስለ ሆነ፥ ለእኛ ከሁለቱ የአማርኛው ይበልጥብናል።

ጋጋኖን፥ አፈ ወፍራሙን ቁራ፥ አንገተ ነጩን የደጋ ርግብና ሌሎችንም ብዙ የኢትዮጵያ ወፎች በሮማይስጥ የሰየመው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር ደረሰ፤ በ1833 ዓ.ም. ተመለሰ። ቁራውን «ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ» አለው፤ «ክራሱስ» ወፍራም፥ «ሮስትሩም» አፍ ነውና። ርግቧን «ኮሉምባ አልቢቶርኩዌስ» አላት፤ ነጭ ድሪ ያሰረች ማለት ነው። ሩፔል የወፍ ቆዳ ብቻ አልነበረም ይዞ የሄደው፤ የግዕዝ ብራናዎችንም ወስዶ ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቶአል። የደጋችን ወፎችና የደብሮቻችን መጻሕፍት በአንድ ጓዝ ወደ አንዲት ከተማ እንደ ሄዱ ስናስብ የሚሰማንን ስሜት አንባቢ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ሰውዬው አስተዋይ ነበረ፤ ስሞቹም ወፉን አይቶ ለሚያስተውል የሚያስረዱ ናቸው።

የኢትዮጵያን ቃል በውስጣቸው የያዙ ስሞችም አሉ። በደጋ አበባ ላይ የሚያንዣብበው፥ ሲያንጸባርቅ ሐምራዊ የሚመስለው ወፍ «ኔክታሪኒያ ታካዜ» ይባላል፤ ይህ የተከዜ ወንዝ ስም ነው። ክንፈ ጥቁሩ አረንጓዴ በቀቀን «አጋፖርኒስ ታራንታ» ነው፤ «አጋፔ» ሐዲስ ኪዳንን በጽርእ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፍቅር ስም ነው፥ «ኦርኒስ» ወፍ፥ ታራንታ ደግሞ ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚያወጣው ዳገት ነው። ሁለቱም ስሞች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1814 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን ግን በወዳጃችን አጥር ላይ ጎጆውን የሚሠራው ቢጫ ወፍ ነው። «ፕሎኬውስ ባግላፌክት» ይባላል። ፕሎኬውስ በጽርእ ሸማኔ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው፤ ሣሩን እንደ ድርና ማግ ሲያጠላልፍ ያየ ሰው ሌላ ስም አይሰጠውም። «ባግላፌክት» ግን ጽርእም ሮማይስጥም አይደለም። ቡፎን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በሥነ ፍጥረት መጽሐፉ ውስጥ በሐበሻ አገር የሚጠራበት ስም ነው ብሎ መዘገበው፤ ዶደን የተባለውም እ.ኤ.አ. በ1802 ዓ.ም. የሮማይስጥ ስም አደረገው። እንግዲህ ይህ ቃል ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከአንድ ኢትዮጵያዊ አፍ የወጣ ነው። እኛ በግዕዝ፥ በአማርኛ፥ በትግርኛ እያገላበጥን ሞከርነው፤ ወዳጃችንን ጠየቅነው፤ በክርስትናው ድግስ ላይ የነበሩትን ሽማግሌዎች ሁሉ ጠየቅናቸው፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰማው ሰው እንደ መሰለው ጻፈው፤ የገለበጠው ሰው እንደ መሰለው ገለበጠው፤ በመጨረሻው በዓለም ሁሉ የሚጻፍ፥ በአገሩ ግን ማንም የማያውቀው ቃል ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ በወንጭፍ የመታውን ወፍ ይዞ መጣ። ልጁን ገሠጽነው፤ ወፉ ግን ሞቶ ነበር። ጀርባው አረንጓዴ፥ ጉንጩ ነጭ ነው። ክንፉን ስንዘረጋው እንደ ደም የቀላ ሆነ፤ ይህ ቅላት በእነዚህ ወፎች ወገን ብቻ የሚገኝ፥ በውስጡ የመዳብ ማዕድን ያለበት ቀለም ነው። የወዳጃችን አባት፥ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፥ በደጃፍ ተቀምጠው ነበር። «መምህር፥ ይህን ፈረንጅ ማን ብሎ ጻፈው?» አሉን።

መጽሐፉን ከፈትን። «ሜኔሊኮርኒስ ሌውኮቲስ» ይላል። «ሌውኮቲስ» በጽርእ ጆሮ ነጭ ማለት ነው፤ ይህን ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ዓ.ም. ሰጠው። ፊተኛውን ስም ግን ፎን ቦቲኸር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ለዚህ ወፍና ለአንድ ዘመዱ ብሎ ያወጣው ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ ተትቶ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ሊቃውንቱ ወደ እርሱ ተመልሰዋል። ትርጓሜው «የምኒልክ ወፍ» ነው። ይህን ለሽማግሌው ከመናገራችን በፊት ጥቂት አመነታን። አንባብያን እንደሚያውቁት ዳግማዊ ምኒልክ ወላይታን በጦር የያዙትና ካዎ ጦናን የማረኩት በ1887 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ድል የተገኘው በተከታዩ ዓመት በ1888 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን የሚለየው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በአንዱ ቤት የሚታሰበው ፊተኛው፥ በሌላው ቤት የሚታሰበው ኋለኛው ነው። ቢሆንም እውነቱን ደብቀን መተርጐም ስላልቻልን ተናገርን።

«ምኒልክ» አሉ ሽማግሌው፤ ዝምም አሉ። ከዚያ በኋላ፥ «አያቴ በጦና ዘመን ልጅ ነበረ፤ ከዚያ ጦርነት ሦስት ወንድሞቹ አልተመለሱም ይለን ነበር» አሉ። ቀጥለውም የወፉን ክንፍ በጣታቸው ዘርግተው አዩት። «ወፉ ግን ያን ጊዜም እዚህ ነበረ» አሉና በወላይትኛ የሚጠራበትን ስም ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነገሩን። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እኛ ግን በቀይ ቀለም የሰረዝነው ወረቀት ታየን።

የሰው ስም በወፍ ላይ መሰየም ያላስቸገረበት አገር የለም። የዚሁ ወፍ ዘመድ፥ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው፥ በጣሊያናዊው መስፍን በኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ስም ይጠራል። ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ዝሆን ገደለው፤ ወፉ በጓዙ ውስጥ ተገኘ፤ የት እንደ ተያዘ ግን አልጻፈም ነበርና ፈላጊዎች ብዙ ዓመት ደክመዋል። ከዚህ የሚከፋም አለ። በያቤሎ አካባቢ ብቻ የሚኖረው ግራጫ ቁራ፥ በዐይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለበት፥ «ዛቫታሪኦርኒስ ስትሬሴማኒ» ተብሎ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ዛቫታሪ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በዚያው ዓመት የፋሽስቱን የዘር መግለጫ ከፈረሙት ዐሥር ሰዎች አንዱ ነው። ይህ በዓለም ላይ በሌላ አገር የማይገኝ የኢትዮጵያ ወፍ እስከ ዛሬ የሰውዬውን ስም ተሸክሞ ይበርራል።

ስሙ አይለወጥምን? ይህ ጥያቄ በዓለም ሁሉ ተነሥቶአል። የአሜሪካ የወፍ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በሰው ስም የተጠሩትን ወፎች የእንግሊዝኛ ስም ለመለወጥ መወሰኑን አስታውቆአል። የዕፀዋት ሊቃውንት በ2024 ዓ.ም. በማድሪድ ተሰብስበው ጥቁር ሕዝብን የሚሰድብ አንድ ቃል ከዕፀዋት ስም እንዲታረም ወስነዋል። የእንስሳትን የሮማይስጥ ስም ሕግ የሚጠብቁት ግን፥ ስም በተለወጠ ቁጥር የቀደሙት መጻሕፍት ሁሉ ይደናገራሉ ብለው እምቢ አሉ። ምክንያታቸውን እንረዳለን፤ ቅዳሴው በየደብሩ ቢለያይ ምን ያህል እንደሚያውክ እናውቃለንና። ነገር ግን ስለ ዛቫታሪ ስናስብ ልባችን ከዕፀዋቱ ሊቃውንት ጋር ነው።

አንዳንድ ጊዜ ስም በራሱ ይወድቃል። ከወላይታ በስተ ደቡብ ያለውን የአባያን ሐይቅ የጣሊያናዊው የቦቴጎ ጓዶች በንግሥታቸው በማርጌሪታ ስም ጠርተውት ነበር፤ በካርታም ብዙ ዘመን ተጽፎ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁሉም አባያ ይለዋል። በአንጻሩ ወላይታ ቀድሞ አውራጃ ሆና የነበረችበት ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ከካርታ ከጠፋ በኋላ ስሙ በአንዲት የሊበን ሜዳ ወፍ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. «ሲዳሞኤንሲስ» ተብላ ነበርና። ኋላ ግን በሶማሌ ምድር ከተገኘችው ጋር አንዲት ወፍ መሆንዋ ስለ ታወቀ፥ በ1920 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዛዊው ገዥ የአርቸር ስም ቀዳሚ ሆኖ ሲዳሞን ሻረው።

ከአርባ ምንጭ ማዶ ካለው ከነጭ ሳር ሜዳ የመጣው ስም ግን ሁልጊዜ ያሳዝነናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. አጥኚዎች በመንገድ ላይ የሞተች የሌሊት ወፍ መሰል ወፍ አገኙ፤ ከእርስዋ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. «ካፕሪሙልጉስ ሶላላ» ብለው ሰየሙዋት። «ካፕሪሙልጉስ» ፍየል አላቢ ማለት ነው፥ የጥንት ሰዎች በሌሊት ፍየል ትጠባለች ብለው ያሙዋት ነበርና፤ «ሶላላ» ግን «አንድ ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ይህ ስም ማንንም አያከብርም፥ ማንንም አያዋርድም፤ የተገኘውን ብቻ ይናገራል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጓዛችንን ስናዘጋጅ ያ የሮማይስጥ አንባቢ ልጅ ከደብተሩ የተቀደደ ወረቀት ይዞ መጣ። በወላይትኛ ወፍ «ካፉዋ» እንደሚባል ከአርእስቱ ዐወቅን፤ ከሥሩ የዐሥራ አንድ ወፎች ስም በላቲን ፊደል ተጽፎአል። ከሽማግሌው የሰማነውን ስም እኛ በማስታወሻችን በግዕዝ ፊደል ጽፈነው ነበር፤ ልጁ አይቶ ሁለት ቦታ ላይ አረመን፤ የሚጠብቀውን አላልተን የሚረዝመውን አሳጥረን ነበርና። ስለዚህ ስሞቹን በዚህ ጽሑፍ ከማውጣት ተቆጠብን፤ ባግላፌክትን ያየ ሰው ምክንያታችንን አይስተውም። ወረቀቱ ግን በልጁ እጅ እንደ ተጻፈ በእኛ ዘንድ አለ።

ልጁ በስሞቹ ትይዩ የአማርኛውን እንድንጽፍለት ለመነን። ስድስቱን ጻፍን። አምስቱን ግን ባዶ ተውናቸው፤ አማርኛችን ሁሉንም «ወፍ» ብሎ ያልፋቸዋልና። ልጁ ባዶውን ቦታ አየ፤ ምንም አላለንም። እስክሪብቶውን ከእኛ ተቀብሎ በአምስቱ ባዶ ቦታዎች የወላይትኛውን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ጀመረ። በአራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመና «መምህር፥ ‹ጰ› እንዴት ነበር የሚጻፈው?» አለን። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጽፈን አሳየነው፤ በውጭም መኪናው ጡሩምባውን ይነፋ ነበር።